ብቻሽን ወደ ሐሩር አገር፦ ከሐኪም ቀጠሮ እስከ መልስ ጉዞ

ከሌላ ሰው ጋር የሚጓዝ ብዙ ነገር ሳያስበው በጓደኛው ላይ ይጥላል። መጸዳጃ ቤት ሲገባ ሻንጣውን የሚጠብቅለት አለ። በትኩሳት መቃዠት ሲጀምር ደግፎ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው አለ። ማታ ካልተመለሰ የት እንደገባ የሚጠይቅ አለ። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ይህ ሁለተኛ ሰው የላትም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ያ ሰው ይሠራልኝ የነበረውን አሁን ማን ወይም ምን ይሠራልኛል? በሐሩር አገር ጥያቄው ይከብዳል፤ ሙቀቱ ያደክማል፣ ትንኝ የሚያመጣው በሽታ በድንገት ይጥላል፣ ምሽቱም ቶሎ ይመጣል።

ወቅቱንና የመድረሻ ሰዓቱን ወስኚ

የሐሩር ክልል የሚባለው ከምድር ወገብ በስተሰሜንም በስተደቡብም እስከ 23.5 ዲግሪ ገደማ የሚዘልቀው ነው። እዚያ ዓመቱ በዋናነት የሚከፈለው በዝናብና በደረቅ ወቅት ነው። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት የምትሄጂበት ቦታ በዚያ ወር ምን እንደሚመስል እወቂ። ዝናብ ሲበረታ መንገድ ይቆረጣል፣ ጀልባ ይቀራል፣ ትንኝ ይራባል። በካሪቢያን አካባቢ ደግሞ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። በዝናብ ወቅት መሄድ ነውር የለውም፤ ግን ከከተማ ወደ ከተማ በምትሻገሪባቸው ቀናት መካከል ትርፍ ቀን ተዪ። ጥድፊያ ነው ሰውን ሌሊት መንገድ ላይ የሚያስቀረው።

ከወቅቱ በላይ ብዙዎች የማያስቡት የብርሃኑን ነገር ነው። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆኑ ጥቂት ነው የሚቀራቸው፤ በብዙ ቦታ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። አውሮፕላንሽ 11 ሰዓት ላይ (ቲኬቱ ላይ 17፡00 የሚለው) ቢያርፍ፣ የፓስፖርት ሰልፉን ጨርሰሽና ሻንጣሽን አንስተሽ ስትወጪ ጨለማ ነው የሚቀበልሽ። በዋጋ ቢወደድም ጠዋት የሚያርፈውን በረራ ምረጪ። በጀትሽ ጠባብ ከሆነ ከሌላ ነገር ቀንሺ እንጂ ከዚህ አትቀንሺ።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲቀርሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ

ስትሄጂ የምትጓዥባቸውን ቦታዎች ዝርዝር፣ የድሮ የክትባት ካርድሽንና የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ስም ያዢ። የአገሩ ስም ብቻ አይበቃም፤ በአንድ አገር ውስጥ ከተማው ወባ የሌለበት፣ ቆላው ወባ የበዛበት ሊሆን ይችላል።

የቢጫ ወባ ክትባት የጊዜ ገደብ አለው። የምስክር ወረቀቱ፣ ሰዎች ቢጫ ካርድ የሚሉት፣ የሚሠራው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከጁላይ 2016 ወዲህ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። አንዳንድ አገሮች ካርዱን የሚጠይቁት በሽታው ካለበት አገር ለሚመጣ መንገደኛ ነውና በመሃል የምታርፊበትን አገርም ቁጠሪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ልትሆኚ የምትችዪ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ፤ ክትባቱ ሕይወት ካለው ከተዳከመ ቫይረስ ስለሚሠራ ሐኪሙ ጥቅሙንና ጉዳቱን መመዘን አለበት።

ስለ ሄፓታይተስ ኤ፣ ስለ ታይፎይድና ስለ ቴታነስም ጠይቂ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከከተማ ርቀሽ ብቻሽን የምትጓዢ ከሆነ እኔ ውሰጂው ነው የምለው፤ ቀድማ የተከተበች ሴት ብትነከስ እንደገና መከተቧ ባይቀርም፣ በገጠር የማይገኘውንና ውድ የሆነውን ኢሚዩኖግሎቡሊን (ቫይረሱን ወዲያው የሚዋጋ የፀረ እንግዳ አካል መርፌ) ግን አያስፈልጋትም። ተከተብሽም አልተከተብሽም እንስሳ ከነከሰሽ ወይም ከቧጨረሽ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

የወባ መከላከያ ክኒኖቹ ይለያያሉ። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ከመግባትሽ ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከወጣሽም በኋላ 7 ቀን ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊንም በየቀኑ ነው፤ ከወጣሽ በኋላ ግን 4 ሳምንት ትቀጥያለሽ፣ ቆዳሽ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል፣ የብልት ፈንገስንም ሊያነሳ ይችላል፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ሜፍሎኪን በሳምንት አንዴ መሆኑ ያጓጓል፤ ነገር ግን ክፉ ቅዠት፣ ጭንቀትና የስሜት መለዋወጥ የሚያመጣባቸው ሰዎች አሉ። ብቻዋን ላለች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠባይሽ መለወጡን አይቶ የሚነግርሽ ሰው አጠገብሽ የለም። ይህን ለሐኪሙ በግልጽ አንሺበት።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ጉዞውን ራሱን እንደገና አስቢበት። ወባ በእርግዝና ወቅት ይከፋል፣ የዚካ ቫይረስም ፅንሱን ይጎዳል።

ትንኝ ቀንም ሌሊትም አለች

የወባዋ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ነው የምትነክሰው። ዴንጊ፣ ዚካና ቺኩንጉንያ የተባሉትን የቫይረስ በሽታዎች የምታስተላልፈው ግን በቀን ትናከሳለች፤ በተለይ ማለዳና ከመምሸቱ በፊት። ስለዚህ የማታ መከላከያ ብቻ አይበቃሽም። ከ20 እስከ 50 በመቶ ዲት ወይም 20 በመቶ ፒካሪዲን ያለበትን ትንኝ የሚያባርር ቅባት ያዢ። ቅደም ተከተሉን አትርሺ፦ መጀመሪያ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ እሱ ሲደርቅ የትንኝ ቅባቱ። ዲት ፕላስቲክ ስለሚያበላሽ መነጽርሽንና የስልክሽን ሽፋን በተቀባ እጅ አትንኪ።

አጎበር ካለ ገና ብርሃን ሳለ አውርጂው። ወደ መስኮቱ ዘርግተሽ ቀዳዳ ፈልጊ፤ ያገኘሽውን በፕላስተር ድፈኚ። ውስጡ ተደብቃ የቀረች ትንኝ ካለች አውጪ። ጠርዙን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ወትፊ፤ መሬት ድረስ ተንጠልጥሎ የሚቀር አጎበር በር እንደ መክፈት ነው። ስትተኚ ክንድሽ ወይም እግርሽ መረቡን እንዳይነካ ወደ መሃል ጠጋ በዪ፤ ትንኟ በመረቡ በኩል ትነክሳለች። በመድኃኒት የተነከረ የራስሽን አጎበር ይዘሽ ብትሄጂ፣ ለመስቀያው አራት ሜትር ያህል ገመድና ጥቂት መንጠቆ ጨምሪበት፤ አጎበር ተይዞ መስቀያ የሚጠፋበት ክፍል ብዙ ነው።

የሴት ጤና ከረጢት

አጠቃላይ የጉዞ ምክሮች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ በሙቀት አገር ግን ብዙ ቀን የሚያበላሽብሽ እዚህ ያለው ነገር ነው።

የወር አበባሽ የሚመጣበት ጊዜ ባይሆንም ሞዴስ ያዢ። ጉዞ፣ የሰዓት ልዩነትና ድካም ዑደቱን ያዛባሉ። ሞዴስ በብዙ ከተማ ይገኛል፤ ታምፖን ግን በብዙ ቦታ አይገኝም፣ ቢገኝም የለመድሽው ላይሆን ይችላል። የወር አበባ ኩባያ ቦታ አይዝም፣ ቆሻሻም አይፈጥርም፤ ማፍላትና ንጹሕ ውሃ ግን ይፈልጋል። ኩባያ ያልለመደች ሴት መንገድ ላይ ባትጀምረው ይሻላል፤ ከመሄዷ በፊት ሁለት ሦስት ወር ቤቷ ትሞክረው። ሁሉንም ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ አስቀምጪ፤ እርጥበቱ በማሸጊያው አልፎ ይገባል። ለመጸዳጃ ቤት ሶፍትና የእጅ ማጽጃ ከእጅ ቦርሳሽ አይጥፋ።

ሙቀት፣ ላብና ጠባብ ሰው ሠራሽ ልብስ ሲገናኙ የብልት ፈንገስ ይነሳል። ከጥጥ የተሠራ የውስጥ ሱሪ በብዛት ያዢ፣ እርጥብ የዋና ልብስ ለብሰሽ አትቆዪ። ቀደም ብሎ ይዞሽ የሚያውቅ ከሆነ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም እንዲሁ። ብዙ ሴቶች ንጹሕ መጸዳጃ ቤት አላገኝም ብለው መንገድ ላይ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ፤ በሙቀት አገር ይህ ኢንፌክሽኑንም ድርቀቱንም አንድ ላይ ይጠራል። ጠጪ፣ አውቶቡሱ ሲቆም ውረጂ።

የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ከጉዞው ርዝመት አንድ ወር የሚያልፍ ያዢ፣ ለሁለት ከፍለሽ በሁለት ቦርሳ። እንክብሉን በዋጥሽ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ እንዳልወሰድሽው ነው የሚቆጠረው፤ ከ24 ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ከባድ ተቅማጥም ኃይሉን ይቀንሰዋል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለበት እንክብል የደም መርጋትን አደጋ ስለሚጨምር በረጅም በረራ ላይ በየጊዜው ተነሺና ተራመጂ። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያም ከረጢቱ ውስጥ ይግባ፤ በአንዳንድ አገር ማግኘቱ ከባድ ነው፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ሰዓት ነው የሚቆጠረው።

የቀረው ከረጢት አጭር ነው፦ ፓራሲታሞል፣ ኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት)፣ ቴርሞሜትር፣ ፋሻና የቁስል ማጽጃ። ቴርሞሜትሩን አትናቂ፤ ግንባርሽን ነክቶ ትኩሳት እንዳለሽ የሚነግርሽ ሰው የለም። መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ወረቀቱ ጋር ይጓዝ። ኮዴይንና ትራማዶልን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች በሕግ የሚያስጠይቁባቸው አገሮች ስላሉ የምትሄጂበትን አገር ኤምባሲ ቀድመሽ ጠይቂ።

ልብስና ሻንጣ

ብቻሽን የምትሸከሚው ሻንጣ ራስሽ ሦስት ፎቅ ደረጃ ልታወጪው የምትችዪው መጠን ይሁን። ስትደክሚ ሻንጣ ልያዝልሽ የሚል ሁሉ ይመጣል፤ ቀላል ሻንጣ እምቢ ለማለት ያስችላል። ልብሱ ሰፋ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ እጁና እግሩ ረጅም ይሁን፤ ከፀሐይም ከትንኝም ከአጉል እይታም ይጋርዳል። ትልቅ ሻሽ ወይም ነጠላ ስካርፍ አትርሺ፦ ጸሎት ቤት ስትገቢ መከናነቢያ፣ አውቶቡስ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ባሕር ዳር መቀያየሪያ ይሆናል።

ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ውጭ የተሰጣ ልብስ ላይ እንቁላል የምትጥል ዝንብ አለች፤ እጩ በቆዳ ውስጥ ገብቶ እባጭ ይሆናል። ስለዚህ ልብስሽን ቤት ውስጥ አስጪ ወይም የውስጥ ልብስ ሳይቀር በጋለ ካውያ ተኩሺ። ባዶ እግርሽን መሬት አትርገጪ፤ የመንጠቆ ትል በእግር ቆዳ ነው የሚገባው።

ሰነድ፣ ገንዘብና ስልክ

ፓስፖርትሽ ከመመለሻ ቀንሽ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን። የጉዞ ኢንሹራንሱ በአየር ወደ ሌላ ሆስፒታል መዛወርን እንደሚሸፍን ከውሉ ላይ አንብቢ። ገንዘብና ካርድ በሁለት ቦታ ይከፈል። ከዚህ ውጪ ትንሽ የኪስ ቦርሳ ጥቂት ገንዘብና የማይሠራ የድሮ ካርድ ይዛ ትቀመጥ፤ ዘራፊ ቢገጥምሽ እሷን ሰጥተሽ ትሄጃለሽ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርጂ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ያለ ችግር ያልፋል፣ 20,000 ሚሊ አምፕ-ሰዓት የሚለው 74 ዋት-ሰዓት አካባቢ ነው።

ቤት የምትቀር አንዲት ሰው

የሁለተኛውን ሰው ቦታ ከሁሉ በላይ የሚተካው ይህ ነው። እህትሽም ትሁን ጓደኛሽ፣ ስልኳን የምታነሳ፣ በትንሽ በትልቁ የማትደነግጥ ሰው ምረጪ። የፓስፖርትሽን ቅጂ፣ የኢንሹራንሱን ቁጥር፣ የየማረፊያውን ስም፣ የደም ዓይነትሽንና የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ስጫት። በየቀኑ መልእክት የምትልኪበትን ሰዓት ተስማሙ። ዋናው ግን መልእክቱ ሲቀር ምን እንደምታደርግ ነው፤ ይህን በጽሑፍ አድርጉት፦ ከስድስት ሰዓት ዝምታ በኋላ ትደውላለች፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ማረፊያውን ትጠይቃለች፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ኤምባሲውንና ኢንሹራንሱን ታሳውቃለች። ሰው እያዳመጠሽ መናገር ቢያቅትሽ የምትይው ተራ የሚመስል አንድ ዓረፍተ ነገርም ይኑራችሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ማረፊያ ከቤትሽ ሆነሽ ያዢ። ስትመርጪ ብቻቸውን ያረፉ ሴቶች የጻፉትን አስተያየት ፈልጊ፤ ቁርሱ ጥሩ ነው የሚለውን እለፊና ስለ በሩ ቁልፍ፣ ስለ መንገዱ መብራትና ስለ ሠራተኞቹ አኳኋን የተጻፈውን አንብቢ። መኪና እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ሹፌሩ ሲመጣ ስምሽን አትንገሪው፤ ማንን ሊወስድ እንደመጣ እሱ ይንገርሽ። ታርጋውን ፎቶ አንስተሽ ቤት ላለችው ላኪ፣ መላክሽንም አትደብቂው። ከኋላ ተቀመጪ።

እንግዳ ተቀባዩ የክፍል ቁጥርሽን ሰው ፊት ጮክ ብሎ ቢናገር ሌላ ክፍል ጠይቂ። ይህን ማለት አያሳፍርም። ከመሬት ወለል ይልቅ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ ይሻላል። ክፍሉ ስትገቢ ሻንጣሽን በሩ ላይ አስደግፈሽ በሩን ክፍት እንዳለ ተዪው፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ቁምሳጥኑንና ከአልጋው ሥር ተመልከቺ፤ ከዚያ ዝጊና ቁልፉን ከውስጥ ሞክሪ። ቆልፈሽ በሩን ወደ ውስጥ ሳቢው፤ ከተንገዳገደ ክፍል ለውጪ። የመስኮቱን መቀርቀሪያም እንዲሁ። ከእንጨት ወይም ከጎማ የተሠራ ሽብልቅ ከበሩ ሥር ሻጥ አድርጊ፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ከሆነ ከውጭ ቁልፍ ያለው ሰው እንኳ በቀላሉ አይገፋውም። ወደ ውጭ ለሚከፈት በር አይሠራም፤ እዚያ ወንበርና ሻንጣ ደርድሪ፣ ቢያንስ ድምፅ ያሰማል። በመጨረሻ የእሳት መውጫውን በእግርሽ ሄደሽ እይው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት

ሰውነት ሙቀት እስኪለምድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዝግ በዪ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ውስጥ ሁኚ። ደመና ቢኖርም ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ክሬሙን በየሁለት ሰዓቱ ድገሚ። ውሃው ካጠራጠረሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ አፍልተሽ ጠጪ፤ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ሦስት ደቂቃ። በሐይቅና በቀስታ በሚሄድ ወንዝ ከመዋኘትሽ በፊት ቢልሃርዚያ እንዳለ ጠይቂ።

ለማያውቁሽ ሰዎች ብቻሽን መሆንሽን የመንገር ግዴታ የለብሽም። ሰው እየጠበቀኝ ነው ማለት በቂ ነው። መጠጥሽ ከዓይንሽ ከራቀ ሌላ ጠይቂ። አንድ ሰው ወይም ቦታ ሆድሽን ካላመቸው ምክንያት ሳትፈልጊ ተነሺ፤ ጨዋነት ከደኅንነትሽ አይበልጥም።

ብትታመሚ

ወባ ባለበት አገር ከገባሽ ሰባተኛው ቀን ካለፈ በኋላ የሚነሳ ትኩሳት ሁሉ ምርመራ እስኪደረግለት ድረስ ወባ ነው ብለሽ ያዢው፤ ክኒኑን ሳትረሺ ብትውጪም። የከፋው የወባ ዓይነት ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊበረታ ይችላል። አሁኑኑ ተነስተሽ ሂጂ፤ ነገ ጠዋት ማሰቢያሽ ዛሬ እንዳለው ላይሆን ይችላል። ለእንግዳ ተቀባዩና ቤት ላለችው ሰው ወዴት እንደምትሄጂ ንገሪ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰጂ፤ ዴንጊ ከሆነ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ። ዴንጊ ትኩሳቱ ሲበርድ ነው አደገኛ የሚሆነው፤ ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ካየሽ ወደ ሆስፒታል።

ተቅማጥ ከያዘሽና ኦ.አር.ኤስ. ካለቀብሽ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክክ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪ። ደም ወይም ትኩሳት ካለበት ማስቆሚያ ክኒን አትውሰጂ፣ ሐኪም ያስፈልግሻል።

ጥቃት ቢደርስ

ይህን ማንበብ ይከብዳል፤ ግን ቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፣ የምትፈልጊውም መጀመሪያ ሕክምና ነው። ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ሌቮኖርጀስትሬል የተባለው የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ በ72 ሰዓት፣ ዩሊፕሪስታል የተባለው በ120 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል። ክስ ለመመሥረት ብታስቢ ማስረጃው እንዲቀር ሳትታጠቢና ልብስሽን ሳታጥቢ መሄዱ ይመረጣል፤ ታጥበሽ ቢሆንም ግን ከመሄድ አትቅሪ። ኤምባሲሽ ሐኪም ቤትና አስተርጓሚ ሊጠቁምሽ ይችላል። ለፖሊስ መናገር ወይም አለመናገር የአንቺ ውሳኔ ነው፤ አገሩ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ያለውን ሕግ ከኤምባሲው ጠይቀሽ ወስኚ።

ከተመለስሽ በኋላ

የወባ ክኒኑን እስከ መጨረሻው ጨርሺ። ዚካ ካለበት አገር ከተመለስሽ ለማርገዝ ሁለት ወር ጠብቂ። በንጹሕ ባልሆነ ሐይቅ ከዋኘሽ የቢልሃርዚያ ምርመራ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ ትኩሳት ከያዘሽ ለሐኪሙ የመጀመሪያው ቃልሽ የት አገር እንደነበርሽና መቼ እንደተመለስሽ ይሁን፤ ካልነገርሽው ስለ ወባ ላያስብ ይችላል።